ለእህቴ የቆረጥኩት የዘይት ቆርቆሮ

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ሰው ናት። ፀሐይ ሳትበረታ ከገዳሪፍ ገበያ ጭነት ይዤ ስወጣ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ረፋዱ ላይ ትንሽ ታጉረመርማለች። ቀትር ሲሆን ግን አለቀላት። ነዳጁን ብረግጥ ብረግጥ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ታስላለች፣ ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ድርግም ትላለች። ያን ጊዜ ኮፈኗን ከፍቼ፣ ዛፍ ካለ ዛፍ ስር፣ ከሌለም በራሷ በመኪናዋ ጥላ ቁጭ ብዬ እስክትበርድ መጠበቅ ነው። ስትበርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። የኔ ቦክሲ ይህቺ ናት። እዚህ ሱዳን ከኋላ ጭነት የምትይዝ ትንሽ መኪና ሁሉ ቦክሲ ነው የምትባለው፤ እኔም በዚያው ስም መጥራት ከጀመርኩ ቆየሁ።

ለራሴ ቢሆን ኖሮ ግድም አይሰጠኝ። ቤቱ ማንም የማይጠብቀው ሰው የትም ቢቆም ምን ይቀርበታል? ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በሩን የምከፍተው እኔ፣ የምዘጋውም እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድንም። ጦርነቱ ከመጣ ጀምሮ ገዳሪፍ በሰው ተጨናንቃለች፤ ከካርቱም የተፈናቀለው ሁሉ በየግቢው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየዛፉ ስር ሰፍሯል። የኔም ግቢ የፊት ክፍሎቹ በቤተሰብ ተሞልተዋል። ሲያዩኝ "ኬፍ ሐጅ?" ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል፣ ሐጅ አለመሆኔን እያወቁ። እኔም "ተማም"፣ ደህና ነኝ፣ እላለሁ። ከዚያ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ፣ የነሱን ሳቅና የልጆቻቸውን ለቅሶ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ እራቴን እበላለሁ። ሰው በሞላበት ግቢ ብቻን መብላት እንዴት እንደሚያንገሸግሽ የቀመሰው ያውቀዋል።

እህቴ ያለችው ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ነው። ታላቄ ናት። ከአገር ስንወጣ እኔን አንዴ አዝላ፣ አንዴ እየጎተተች ድንበሩን ያሻገረችኝ እሷ ናት። እኔ አድጌ መኪና መንዳት ተማርኩና ወደ ከተማው ገባሁ፤ እሷ እዚያው ካምፕ ውስጥ ኤርትራዊ አግብታ ቀረች። ባሏ ደግ ሰው ነበር። እሱም አረፈ፣ እዚያው ተቀበረ። ከዚያ ወዲያ እሷ አንድ ጎጆ ውስጥ፣ እኔ አንድ ክፍል ውስጥ፤ መሀላችን አስፋልትና አቧራ ነው።

"እታለም፣ ነይ እኔ ጋ እንኑር" እላታለሁ፣ በሄድኩ ቁጥር።

"አሁን እንኳ ፍየሏ ልትወልድ ነው" ትላለች። ፍየሏ ትወልዳለች። "አሁን እንኳ የጎረቤቴ ልጅ ክርስትና አለ" ትላለች። ክርስትናው ያልፋል። "አሁን ክረምት ገባ፣ ጭቃው መኪናህን ይውጣታል" ትላለች። ይህስ እውነት ነው፤ የዚህ አገር ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ሎሪ እንኳ ይዞ ያስቀራል። ግን ክረምቱም ያልፋል፤ እሷ አሁንም እዚያው አለች።

ባለፈው በጋ አንድ ቀን ሳላስበው "እሺ፣ ልምጣ" አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ አልጋዋን፣ ሣጥኗን፣ ድስቶቿን ወዲያው ጭኜ ተነሳሁ። ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አላየሁም። አስፋልቱን ይዘን ብዙም ሳንሄድ ይህቺ ጉደኛ መኪና ድርግም አለች። አንድ የግራር ዛፍ ስር ተቀመጥን። ጠበቅን። ተነሳች፣ ትንሽ ሄደች፣ ደግሞ ቆመች። ወደ ካምፑ የሚመለስ ሎሪ ሲመጣ እህቴ እጇን አወጣች። ሾፌሩ የሚያውቃት ሰው ነበር፤ ዕቃዋን ወደዚያ ገለበጡት።

ልትሳፈር ስትል ዞር ብላ "እግዜሩ አትሂጂ ብሎኝ ነው" አለችኝ።

"እግዜር ነው ወይስ ይህቺ ሰላቢ ናት?" አልኳት ተናድጄ፣ የመኪናዋን ጎማ በእርግጫ እያልኩ።

"እንግዲያው እሷ ሳትቆም የምታደርሰኝ ቀን እመጣለሁ። መንገድ ላይ ከቆመች ግን እመለሳለሁ፣ ዳግመኛም አትጠይቀኝ" አለች። ስቃለች፣ ግን አውቃታለሁ። እህቴ እየሳቀች የተናገረችውን ነገር አትለውጥም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ነገር የሞት የሽረት ሆነብኝ። ወደ ወርሻ ወሰድኳት። ሚካኒኩ ፓምፗን አየ፣ ሻማዋን ቀየረ፣ ራዲያተሯን አጠበ፣ በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አርጅታለች፣ ሽጣት" አለኝ። ሌላ ጋ ወሰድኳት፤ እሱም ያንኑ። አንተስ አርጅተህ የለ፣ ማን ሸጠህ? ልለው ነበር፤ ተውኩት። ብስጭቴን ይዤ ተመለስኩ።

ነገሩ የገባኝ እንደ ልማዴ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው። ከገዳሪፍ ወጣ ብዬ ነበር፣ በቀትር። መኪናዋ ቆማለች፣ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ የሚያነጋግረኝ ሰው የለም። ሥራ ስፈታ እዚህም እዚያም እነካካለሁ። ሞተሩ አየር የሚስብበትን የማጣሪያ ጎድጓዳ ስነካው እጄን ላጠኝ። ሞተሩማ ይሞቃል፣ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን አየር ብቻ የሚያልፍበት ዕቃ ነው፣ ምን አንገበገበው? ዝቅ ብዬ ሳይ የጭስ ማውጫው ብረት ከማጣሪያው ጎን ተለጥፎ ነው የሚያልፈው፤ በሁለቱ መሀል ምንም የለም። ከጎኑ ደግሞ ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ድሮ እዚያ መከለያ ቆርቆሮ ነበረ ማለት ነው። ዝጎ ይውደቅ፣ ወይ አንዱ ሚካኒክ ሲፈታ ይጣለው፣ እግዜር ይወቀው። ምስኪኗ መኪናዬ ስንት ዓመት ሙሉ የምትተነፍሰው የራሷን ትኩሳት ነበር። የውጭው አየር በዚያ ላይ እሳት ነው፤ ታዲያ እንዴት አትታፈን?

አንጀቴን በላችኝ። ስንቱን ስድብ ሰድቤያታለሁ።

ያንለት ከገበያ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዤ ገባሁ። ካምፕ የኖረ ሰው ይህን ቆርቆሮ ያውቀዋል፤ ለስደተኛ በሚታደለው ዘይት የሚመጣው ባለ አራት ማዕዘን ጣሳ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ጣሳው በር ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ የዶሮ ቤት ይሆናል፣ ለጣሪያ ቀዳዳ መድፈኛ ይሆናል። እህቴና እኔ ካምፕ ስንገባ የመጀመሪያ በራችን ከእሱ የተሠራ ነበር። ለመኪና መከለያ ሲሆን ግን እኔም አላየሁም።

መጀመሪያ የሻይ ቅጠል ካርቶን ቀድጄ፣ ማጣሪያውና ጭስ ማውጫው መሀል እያስገባሁ፣ እያወጣሁ፣ በመቀስ እየከረከምኩ ልክ አወጣሁ። ካርቶኑ ልክ ሲሆን ጣሳውን በየጠርዙ ቀድጄ ዘረጋሁትና ካርቶኑን አስቀምጬበት በምስማር ጫፍ ዙሪያውን ጫርኩ። እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው ሥራ ነው። መቁረጡና ማጠፉ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይቆርጣል። የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። አንዱን ጫፍ በጫማዬ ረግጬ፣ ሌላውን በጉልበቴ ተጭኜ፣ ጎንበስ ብዬ በቆርቆሮ መቀስ ስገዘግዘው ያ ስፕሪንግ የሆነ ቆርቆሮ እየተፈናጠረ ፊቴን ሊመታኝ ምንም አይቀረው። ጣቴን ቆረጠኝ። "እናትህን!" አልኩት፣ ለቆርቆሮው። ከፊት ክፍል ያለችው ሴትዮ ብቅ ብላ አየችኝና "ሰላመታክ"፣ ይማርህ፣ ብላኝ ተመለሰች። አንድ እጅ ብቻ፣ አንዴ ያዝ የሚያደርግልኝ እጅ ባገኝ ሥራው በቶሎ ያልቅ ነበር። ዋልኩበት።

ጠርዙን ሰው እንዳይቆርጥ አጠፍኩት፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች አስገብቼ በብሎን አሰርኩት። ከጭስ ማውጫው እንዳይነካካ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ተውኩለት። የሚያብረቀርቀው የውስጥ ገጽታው ወደ እሳቱ ፊቱን አዞረ፤ ጽሑፍ ያለበት ወገን ወደ ማጣሪያው። አምሮብሃል አልኩት።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን እኔ ትንሽ ነገር ሲሳካልኝ መጨመር እወዳለሁ። የዚህ አገር ሾፌር የመጠጥ ውሃውን ጀሪካን በጆንያ ይጠቀልልና ጆንያውን ያርሰዋል፤ ነፋሱ ሲመታው ውሃው ከጉድጓድ የወጣ ያህል ይቀዘቅዛል። እኔም ይህን እያየሁ ነው ያረጀሁት። ታዲያ ጀሪካኑን ካቀዘቀዘ ማጣሪያውንስ ለምን አያቀዘቅዝም? ከጭነት የተረፈች አንዲት አሮጌ የሰሊጥ ጆንያ ነበረችኝ። አጠፍኳት፣ በውሃ ነከርኳት፣ በቆርቆሮውና በማጣሪያው መሀል ወሸቅኋት፣ በሽቦ አሰርኳት። በራሴ ብልህነት ተደንቄ ቆምኩ።

በማግስቱ ሆን ብዬ በቀትር ወጣሁ። በእህል ጎተራው በኩል አድርጌ፣ ከተማውን ትቼ፣ አስፋልቱን ይዤ ነዳሁ። ጠበቅኋት፤ አሁን ታስላለች፣ አሁን ታጉረመርማለች ብዬ። ኧረ ወዲያ! ጠዋት ጠዋት እንደምትሄደው ሄደች። ዞሬ ስመለስም እንደዚያው። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብዬ መሪውን ስመታ ብቻዬን መሆኔ ትዝ አለኝ። ይህን የሚያህል ነገር ሠርቼ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ጋ ቆሜ "ዛሬ መኪናዬ በቀትር አልቆመችም" አልኳት በዓረብኛ። "ማሻአላህ" አለችና ስኳር ስንት እንደምትጨምርልኝ ጠየቀችኝ።

ለእህቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወልኩ።

"ቆርቆሮ?" አለች። "ለመኪና የቆርቆሮ ልብስ ሰፋህላት?"

"አዎ ሰፋሁላት። ለቅዳሜ ተዘጋጂ።"

"እሺ፣ ና" አለች፣ ድምፅዋ አንሶ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፣ ጠዋት ደረስኩ። ገና በጠዋቱ ጭነን ብንሄድ ኖሮ ቆርቆሮም ጆንያም አያስፈልግም ነበር። ግን ከካምፕ ሰው መሰናበት እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። አንዷ ጎረቤት ቁርስ አቀረበች። አንዷ በትግርኛ እየመረቀች አለቀሰች። አንዲት አሮጊት ደግሞ ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ቁጭ ብለው "ኣይትኸይድን!" አሉ፤ አትሄድም ማለታቸው ነው። እህቴ ወርዳ፣ ጉልበታቸውን ስማ፣ አብራ አልቅሳ፣ አስነሳቻቸው። ወደ ባሏ መቃብርም ሄዳ መጣች። አልጋዋ፣ ሣጥኗ፣ ድስቶቿ፣ አንድ ቅርጫት ዶሮ ሁሉ ተጭኖ ስንነሳ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጥሩ፣ አልኩ በልቤ፣ ፈተናው ይህ ነው።

ከአቧራው ወጥተን አስፋልቱን ስንይዝ እህቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። የሞተሩን ድምፅ እየሰማች ነው። እኔም እሷን እያየሁ ነው። የበፊቷን ግራር አለፍናት። አንገቷን አዙራ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች። አልሳቅኩም፣ ግን ደረቴ ተነፋ።

ትንሽ እንደሄድን አፍንጫዋን አነሳች። "ሰሊጥ የሚቆላ ሰው አለ እንዴ?"

"ከእርሻው ይሆናል" አልኳት።

"በዚህ በጋ ምን እርሻ አለ?"

እውነቷን ነው፤ ግራ ቀኙ ባዶ ጥቁር መሬት ነው። ሽታው እየበረታ ሄደ፤ መጀመሪያ የሚያስርብ፣ ቀጥሎ የሚያር። በኮፈኑ ጠርዝ በኩል ቀጭን ጭስ ብቅ ሲል ያን ጊዜ ገባኝ። ጆንያዋ! ስንት ዘመን ሰሊጥ ስትሸከም ዘይቱን ጠጥታ ጠጥታ ኖራለች። እኔ ውሃውን ብቻ ነው ያየሁት። ውሃው ደርቆ ዘይቱ ቀረ፣ ቆርቆሮው ጋለ፣ አሁን ጆንያዋ እየነደደች ነው።

"ኧረ ሰውዬ፣ እየነደድን ነው!" አለች እህቴ።

"ምንም አይደለም!"

"እንዴት ምንም አይደለም? ቁም!"

"አልቆምም!"

"ቁም አልኩህ!"

"ከቆምኩ ትመለሻለሽ!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ እጮሃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እህቴ አየችኝ፣ ከዚያ ጭሱን አየች፣ ከዚያ ደግሞ እኔን።

ወደ ዳር ያዝኩ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ ዘለልኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሽቦውን በእጄ በጥሼ ያችን የምትጨስ ጆንያ መዝዤ አስፋልቱ ላይ ወረወርኳት፤ በጫማዬ ረገጥኳት፣ ረገጥኳት። ጣቶቼ ተቃጠሉ። ዞር ስል እህቴ ወርዳ ቆማለች፣ የውሃ ጀሪካኑን አቅፋ።

"አልቆመችም!" አልኳት። "ስሚ፣ ሞተሩን ስሚ! እኔ ነኝ የቆምኩት፣ እሷ አልቆመችም!"

ሞተሩ በዚያ ቀትር፣ በዚያ ሁሉ ጭስ መሀል ያለ ሳል ይሠራ ነበር። እህቴ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ሆዷን ይዛ፣ የመኪናውን በር ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዶሮዎቹም ከላይ ይንጫጫሉ። እኔንም ሳቅ ያዘኝ። አንድ ሎሪ ሲያልፍ ሾፌሩ ቀዝቀዝ አድርጎ "ሙሽኪላ አለ?"፣ ችግር አለ ወይ፣ ብሎ ጠየቀን፤ እየሳቅን በእጃችን ሂድ አልነው።

"በል ና፣ እጅህን አምጣ" ብላ ውሃ አፈሰሰችልኝ። "ሞተሩ ካልጠፋ አልቆመችም። ግባ እንሂድ።"

ያለ ጆንያው፣ በቆርቆሮው ብቻ፣ እስከ ገዳሪፍ አንዴም አላስቸገረችንም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደነበሩ ልንገራችሁ ብል አልችልበትም። ወደ ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነው። መብራት አለ። "ምነው ዘገየህ?" የሚለኝ ሰው አለ። እኔም እንደ ልጅ "መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር" እያልኩ እመልሳለሁ። አብረን እንበላለን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታጎርሰኝ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

ግን እኔ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ሲመሽ የምገባ ሰው ነኝ። መሀል ያለውን ቀን አላየሁትም። አንድ ቀን ጭነት ቀርቶብኝ በጊዜ ስመለስ፣ እህቴን በግቢው በር ላይ አገኘኋት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነበር የምትመስለው።

"የት ልትሄጂ ነው?" አልኳት ደንግጬ።

"የትም። የት እሄዳለሁ?"

ገብተን ተቀመጥን። የፊት ክፍል ሴቶች እየተሳሳቁ ልብስ ያጥባሉ፤ ዓረብኛቸው ፈጣን ነው፣ የካምፕ ዓረብኛ አይደለም። እህቴ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች።

"ብቻህን እንዳትሆን ብዬ መጣሁ" አለች። "አንተ ግን ቀኑን ሙሉ የለህም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ያንተን ብቸኝነት እጠብቅልሃለሁ። ማታ መጥተህ ትረከበኛለህ፣ ጠዋት ደግሞ ለእኔ ሰጥተኸኝ ትሄዳለህ።"

"ታዲያ ሥራ ልተው?" አልኳት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። "አየር እንብላ?"

"አልተቆጣሁህም እኮ። አንተ ለምን ትቆጣለህ?"

"አልተቆጣሁም!"

"እዚያ ስስል እንኳ ከየጎጆው 'እንታይ ኮይንኪ'፣ ምን ሆንሽ፣ ይሉኛል። እዚህ ግን አንድ ቀን ሙሉ ሳልኩ፣ ማንም አልሰማኝ።" እጄን ያዘችኝ፣ የተቃጠሉትን ጣቶች እንዳትነካ ተጠንቅቃ። "አፈር ስሆን፣ መልሰኝ። ወይ አንተ ና።"

እኔ ካምፕ ገብቼ ምን ልሥራ? መኪናዋስ በዚያ አቧራ ማንን ትጭናለች? ይህን ሁሉ ልላት ነበር፤ ግን እሷም ታውቀዋለች። "እሺ" ብቻ አልኳት። ከአፌ ስትወጣ እንዴት እንደከበደችኝ!

የመመለሻው ቀን ጠዋት ጎማ ነፋሁ፣ ዘይት አየሁ፣ መስታወት ወለወልኩ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ሠራሁ። ስንነሳ ቀትር ሆኗል። እህቴ ለምን እንደዘገየሁ አልጠየቀችኝም። ሙቀቱ አስፋልቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። ከገዳሪፍ ከወጣን ጀምሮ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው። አንዴ ሳል በይ፣ አልኳት መኪናዋን በልቤ። ትንሽ አጉረምርሚ። አንድ ዛፍ ስር እንቀመጥ፣ እስክትበርጂ ድረስ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። እንድትቆም ተለምና የማታውቅ መኪና እንዴት ታውቅበት? ወንዝ እንደሚወርድ ውሃ ያለ ኮሽታ ሄደች። እህቴ ከፍርሃቷ ተላቃ፣ ራሷን በሩ ላይ አስደግፋ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ካምፑ ስንደርስ ሴቶቹ ከየጎጆው ወጡ። እልልታው፣ ለቅሶው፣ ትግርኛው። ያች አሮጊት ጭምር በምርኩዛቸው እየሮጡ መጡ። እኔ የጭነቱን ገመድ ፈትቼ ሳልጨርስ አልጋውን ሁለት ሴቶች ከሁለት ጫፍ አንስተውት ሄዱ፤ ሣጥኑን ሌሎች፣ ዶሮዎቹን ሌሎች። በአንድ አፍታ መኪናዋ ባዶ ሆነች። የምሸከመው ነገር አልቀረልኝም። እህቴ መሀላቸው ገብታ አትታይም፣ ሳቋ ብቻ ይሰማል።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ራዲያተሩን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ቀበቶውን ዳሰስኩ፤ ጥብቅ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ አልላሉም። ቆርቆሮው ላይ አቧራ ተቀምጧል፣ እጄን ከጀርባው አስገብቼ ማጣሪያውን ስነካው እንደ ሰው ገላ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ራዲያተሩን፣ ቀበቶውን፣ ብሎኖቹን።

እህቴ በጣሳ ውሃ ይዛ መጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ምን ሆነችብህ?" አለችኝ።

"ምንም አልሆነችም" አልኳት፣ ራሴን ከኮፈኑ ስር ሳላወጣ።